ትርሲት እና ሦስተኛው ጥሪ

ትርሲት ስድስት ዓመቷ ነው። የጫማዋን ክር ራሷ ታስራለች፤ ሙዝ ራሷ ትልጣለች፤ መፍራትም ትችላለች።

መፍራት ላይ እንዲያውም ጎበዝ ናት። ዝናብ ሲመጣ ትፈራለች። ዝናቡ ሲያባራ ደግሞ «ተመልሶ ቢመጣስ?» ብላ ትፈራለች።

ስትፈራ ልቧ ይመታል።

ድው! ድው! ድው!

ከዚያ አንድ ጥያቄ ከአፏ ይወጣል። ሁልጊዜ ያው ጥያቄ ነው።

«ብጠፋስ?»

ገበያ ሲሄዱ፣ «ብጠፋስ?» ታክሲ ሲጠብቁ፣ «ብጠፋስ?» አንድ ቀን መታጠቢያ ቤት ውስጥ እየታጠበች ሳለ እንኳ፣ «ብጠፋስ?» አለች።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት እማዬ ጥቁር ሹራቧን ለበሰች። ከላይ ነጭ ነጠላዋን ጣል አደረገች።

«ዛሬ ጫካ እንሄዳለን» አለች እማዬ። «ሱባ ጫካ። ተማሪ ሳለሁ ያየሁት አንድ ትልቅ ዝግባ አለ። ያንን ዛፍ አንድ ሰው ብቻውን አቅፎ አይጨርሰውም።»

ድው! ድው! ድው!

«ብጠፋስ?» አለች ትርሲት።

«አትጠፊም» አለች እማዬ። «የነጠላዬን ጫፍ ያዢ። ነጠላዬን ከያዝሽ እኔን ያዝሽ ማለት ነው።»

ትርሲት የነጠላውን ጫፍ ያዘች። ጭምቅ አድርጋ ያዘች።

ግቢው በር ላይ ጎረቤታቸው እትዬ ዘነቡ ተቀምጠው ጎመን ይቀነጥሳሉ። «ወዴት ነው በጠዋቱ?» ብለው ጠየቁ።

«ጫካ» አለች እማዬ። ወዲያው የውሃውን ጠርሙስ መርሳቷ ትዝ አላትና ወደ ቤት ተመለሰች።

እትዬ ዘነቡ ግራ ቀኝ አዩ። ከዚያ ትርሲትን ወደ ጆሯቸው፣ አይ፣ ወደ አፋቸው ጠጋ አደረጓት።

«ስሚኝ ልጄ» አሉ በሹክሹክታ። «ጫካ ውስጥ ስምሽ ቢጠራ በአንደኛው አቤት እንዳትዪ። በሁለተኛውም እንዳትዪ። ሦስተኛውን ጠብቂ።»

«ለምን?» አለች ትርሲት።

«ሰው ያልሆነ ነገርም ስም ይጠራል። ሦስት ጊዜ መጥራት ግን አይችልም» አሉ እትዬ ዘነቡ። ጎመናቸውንም መቀንጠስ ቀጠሉ።

እትዬ ዘነቡ ክፉ ሰው አይደሉም። ልጅ ሳሉ የነገሯቸውን ነው የነገሯት። ለትርሲት ግን እንዲህ ያለ ነገር መንገር በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነው።

ሚኒባሱ ውስጥ ትርሲት በመስኮቱ ወደ ውጭ አላየችም። ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ታጠና ነበር።

«በአንደኛው ዝም። በሁለተኛው ዝም። በሦስተኛው አቤት።»

«ምን እያልሽ ነው?» አለች እማዬ።

«ምንም» አለች ትርሲት። «በአንደኛው ዝም። በሁለተኛው ዝም። በሦስተኛው አቤት።»

ጫካው መግቢያ ላይ አንድ ረጅም ሽማግሌ ጠበቋቸው። ካፖርት ለብሰዋል፤ ዱላ ይዘዋል። «ደቻሳ እባላለሁ። የጫካው ጠባቂ ነኝ» አሉ።

ትርሲት ጫካውን አየች። ከዚያ ጋሽ ደቻሳን አየች። «ጫካው ወዴት እንዳይሄድ ነው የሚጠብቁት?» አለች።

ጋሽ ደቻሳ ሳቁ። «እሱስ የትም አይሄድም። ሰው እንዳይቆርጠው ነው የምጠብቀው» አሉ። «ነይ፣ ትልቁን ዝግባ ላሳይሽ።»

መንገዱ ቀጭን ነው። ከፊት ጋሽ ደቻሳ። ከኋላቸው እማዬ። ከእማዬ ኋላ ነጠላ። ከነጠላው ኋላ ትርሲት።

ዛፎቹ ረጃጅም ናቸው። ትርሲት ጫፋቸውን ለማየት አንገቷን ቀና፣ ቀና፣ ቀና አደረገች። ኮፍያዋ ወደቀ።

ውስጥ ሲገቡ ፀሐይዋ ቀረች። ቀን ነው፤ ግን የመሸ ይመስላል።

ኳ! ኳ! ኳ!

ድው! ድው! ድው! «ማነው የሚያንኳኳው?» አለች ትርሲት።

«ግንደ ቆርቁር ነው» አሉ ጋሽ ደቻሳ። «ወፍ ነው። በአፉ ግንድ ይቆረቁራል፤ ትል ይፈልጋል።»

ትርሲት ትንፋሿን ለቀቀች። ነጠላውን ግን አልለቀቀችም።

ኮሽ! ኮሽ! ኮሽ!

ድው! ድው! ድው! «እሱስ ማነው?»

«ድኩላ ነው» አሉ ጋሽ ደቻሳ። «አንቺን ፈርቶ እየሸሸ ነው።»

እኔን? ትርሲትን ገረማት። እሷን የሚፈራ ሰው እስከ ዛሬ ገጥሟት አያውቅም።

ሄዱ፣ ሄዱ፣ ሄዱ። ጥዱን አለፉ። ኮሶውን አለፉ። ከቅርንጫፍ ላይ እንደ ሽማግሌ ጢም የተንጠለጠለ ነገር አለ፤ እሱንም ጎንበስ ብለው አለፉ።

«ብጠፋስ?» አለች ትርሲት።

«ነጠላዬን ይዘሻል?» አለች እማዬ፣ ሳትዞር።

«ይዣለሁ።»

«እንግዲያው አልጠፋሽም።»

ያኔ ነው የትርሲት የጫማ ክር የተፈታው።

ክር ለማሰር ሁለት እጅ ያስፈልጋል። ትርሲት ሁለት እጅ አላት። አንዱ ግን ነጠላ ይዟል።

ምን ታድርግ? ለትንሽ፣ በጣም ለትንሽ ጊዜ፣ ነጠላውን ለቀቀች።

ክሩን አዞረች። ሾልኮ ወጣ። እንደገና አዞረች። እንደገና ሾለከ። ሦስተኛ ጊዜ አዞረችና ጠበቅ አደረገችው።

ቀና አለች።

መንገዱ ላይ ማንም የለም።

ድው! ድው! ድው! ድው! ድው!

እዚያ ግን፣ ከዛፎቹ መሀል፣ ነጭ ነገር ታያት። ጥቁርና ነጭ። ጥቁር ሹራብ፣ ነጭ ነጠላ።

«እማዬ፣ ጠብቂኝ» አለች ትርሲት። ከመንገዱ ወጥታ ሮጠች።

ነጩ ነገር ሄደ። ትርሲት ሮጠች። ነጩ ነገር በጥዱ ዞረ። ትርሲትም በጥዱ ዞረች።

ነጩ ነገር ቆመ። «እማዬ» አለች ትርሲት፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ።

ነጩ ነገር ዘሎ ዛፍ ላይ ወጣ።

እናቶች ብዙ ነገር ያደርጋሉ። ዘለው ዛፍ ላይ ግን አይወጡም። የትርሲት እናት እንኳን ዛፍ፣ ወንበር ላይ ስትወጣም «ያዙኝ፣ ያዙኝ» ትላለች።

ነጩ ነገር ፊቱን አዞረ። ፊቱ ጥቁር ነው። ዓይኖቹ ክብ ናቸው።

ኩርርር! ኩርርር!

ጉሬዛ ነበር። ጉሬዛ ጫካ ውስጥ የሚኖር የጦጣ ዘመድ ነው። ሰውነቱ ጥቁር ነው፤ ትከሻው ላይ ነጭ ፀጉር ነጠላ መስሎ ይወርዳል።

ትርሲት እማዬን አልተከተለችም። ጉሬዛ ተከትላለች።

ወደ ኋላ ዞረች። ዛፍ። ወደ ቀኝ ዞረች። ዛፍ። ወደ ግራ ዞረች። ዛፍ፣ ዛፍ፣ ዛፍ።

«ብጠፋስ?» አለች ትርሲት። የሚመልስላት ሰው ግን አልነበረም። ምክንያቱም አሁን በእርግጥ ጠፍታለች።

ከዛፎቹ በላይ ጉም መጣ። ቀስ እያለ ወረደ። መጀመሪያ ጫፎቹን ዋጠ፤ ቀጥሎ ቅርንጫፎቹን ዋጠ።

ትርሲት ከአንድ በጣም ወፍራም ዛፍ ሥር ገባች። ሁለት ትልልቅ ሥሮች መሀል ቁጭ አለች። ጉልበቷን አቀፈች።

ጠብ! ጠብ! ከቅጠል ውሃ ይንጠባጠባል።

ድው! ድው! ድው! የትርሲት ልብ ይመታል።

ድንገት ከሩቅ ድምፅ መጣ።

«ትርሲት!»

ትርሲት አፏን ከፈተች። አቤት ልትል ነው። ልትል ነው። ልትል ነው።

እትዬ ዘነቡ ትዝ አሏት። አፏን ዘጋች።

በአንደኛው ዝም።

ጠብ! ጠብ!

«ትርሲት!» አለ ድምፁ እንደገና። መጨረሻው ላይ ተንቀጠቀጠ።

ትርሲት አፏን በሁለት እጇ ያዘች። እንባዋ በጣቶቿ መሀል ወረደ።

በሁለተኛው ዝም።

አሁን ሦስተኛው ይመጣል። ሦስተኛው ሲመጣ አቤት ትላለች። ጠበቀች።

ጠብ! ጠብ!

ጠበቀች። ግንደ ቆርቁሩ ዝም አለ። ጉሬዛው ዝም አለ። ጫካው ሁሉ ዝም አለ።

ሦስተኛው አልመጣም።

ትርሲት እንዲህ ፈርታ አታውቅም። እማዬ ትታት ሄዳ ይሆን? ወይስ መጀመሪያውኑ የጠራት ሰው አልነበረም?

እጇን ከአፏ ላይ አነሳች። አሰበች። ፈሪ ልጅም ታስባለች፤ እንዲያውም ብዙ ታስባለች።

ያ ድምፅ መጨረሻው ላይ ተንቀጥቅጧል። ትርሲት ያንን መንቀጥቀጥ ታውቀዋለች። እሷ «ብጠፋስ?» ስትል ድምፅዋ እንደዚያ ነው የሚሆነው።

«ሰው ያልሆነ ነገር ይፈራል እንዴ?» አለች ለራሷ። «እኔ ጠፋሁ ብሎስ ይፈራል?»

አይፈራም።

እማዬ ናት። እማዬም ፈርታለች።

ትርሲት እናቶች የሚፈሩ አይመስላትም ነበር። አሁን ግን እማዬ እዚያ ጉም ውስጥ ፈርታ ቆማለች። አይዞሽ የሚላት ማነው?

ትርሲት ብድግ አለች። ሦስተኛውን የጠራ የለም፤ እሷ ግን መለሰች።

«አቤት» አለች። ድምፅዋ ትንሽ ነበር። የሰማት ጉሬዛው ብቻ ነው።

አየር ሳበች። ሆዷ እስኪነፋ ድረስ ሳበች።

«አቤት! አቤት! አቤ——ት!»

ከጉሙ ውስጥ መልስ መጣ።

«ወዬ! ወዬ ልጄ! ወዬ!»

ኮሽ! ኮሽ! ኮሽ! ድኩላ አልነበረም። እማዬ ነበረች፣ እየሮጠች።

እማዬ ትርሲትን አነሳቻት። አቀፈቻት። ጭምቅ አድርጋ አቀፈቻት።

የትርሲት ጆሮ እማዬ ደረት ላይ አረፈ። ውስጡ የሆነ ነገር ይመታል።

ድው! ድው! ድው!

«እማዬ፣ ልብሽ እንደ እኔ ልብ ይመታል» አለች ትርሲት።

«አዎ» አለች እማዬ። «በጣም ፈርቼ ነበር።»

ጋሽ ደቻሳም ደረሱ። ካፖርታቸውን አውልቀው ትርሲትን አለበሷት። ካፖርቱ ከእግሯ አልፎ መሬት ነካ።

«ስጠራሽ አልሰማሽም?» አለች እማዬ።

«ሰምቼሻለሁ» አለች ትርሲት።

«ታዲያ ለምን አቤት አላልሽም?»

«ሦስተኛውን እየጠበቅኩ ነበር» አለች ትርሲት። እትዬ ዘነቡ ያሏትን ሁሉ ነገረቻት። «አንቺስ ለምን ሦስተኛውን አልጠራሽኝም?»

«እኔ ነኝ ዝም በይ ያልኳት» አሉ ጋሽ ደቻሳ። «የሚጮህ ሰው የሌላውን ድምፅ አይሰማም። ዝም ብለን አንቺን እያዳመጥን ነበር።»

ትርሲት ዓይኗን ጠረገች። ለካስ ዝም ያሉት ትተዋት ሄደው አይደለም።

«ግን እማዬ፣ ነጠላውን ስለቅ አላወቅሽም?»

እማዬ የነጠላዋን ጫፍ ፈለገች። ጫፉ ላይ አንድ እሾሃም ቅርንጫፍ ተሰክቶ ይጎተታል። ቅጠሉም፣ አፈሩም፣ ሁሉም አብሮት አለ።

«አይ ጉድ» አለች እማዬ። «ከኋላዬ ሲጎትተኝ አንቺ መስለሽኝ ነው። ደከመሽ እንዴ፣ ውሃ ልስጥሽ እንዴ እያልኩት ነበር የምሄደው።»

«ቅርንጫፉን?» አለች ትርሲት።

«ቅርንጫፉን። መልስ ሳጣ ዞር ብዬ አየሁ።»

ትርሲት ነጩን ነገር አሳየቻቸው። ጉሬዛው ቅርንጫፉ ላይ ተቀምጦ ቅጠል ይበላል። ስለ ነጠላ ምንም አያውቅም።

«እንግዲህ አንቺ ጉሬዛ ተከተልሽ፣ እኔ እንጨት ጎተትኩ» አለች እማዬ። ሳቀች። እየሳቀች እንባዋ መጣ።

ኩርርር! አለ ጉሬዛው።

ጋሽ ደቻሳ ትርሲት የተደበቀችበትን ዛፍ በዱላቸው ነካ ነካ አደረጉት። «ይህ ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አሉ።

ትርሲት ቀና አለች። ጉሙ ሳሳ ብሏል። ግንዱ ወደ ላይ ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ ይሄዳል።

«ትልቁ ዝግባ ይህ ነው» አሉ ጋሽ ደቻሳ። «እኛ እንድታዪው ልንወስድሽ ነበር፤ አንቺ ቀድመሽን መጣሽ።»

ትርሲት ዛፉን አቀፈች። እጇ አልደረሰም። እማዬ ከወዲያ አቀፈች፣ ጋሽ ደቻሳ ከወዲህ አቀፉ። አሁንም በእማዬ እጅና በጋሽ ደቻሳ እጅ መሀል ክፍተት ቀረ።

«በሚቀጥለው እትዬ ዘነቡን እናመጣለን» አለች ትርሲት።

ሥሩ ላይ ተቀምጠው ዳቦና ሙዝ በሉ። ሙዙን የላጠችው ትርሲት ናት። ለጋሽ ደቻሳም ላጠችላቸው።

ሲመለሱ እማዬ ነጠላዋን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። «ነጠላ ይበቃናል። እጄን ያዢ» አለች።

ትርሲት እጇን ያዘች። እጅ ሲለቀቅ ይታወቃል።

ማምሻውን ሰፈር ደረሱ። እትዬ ዘነቡ በራቸው ላይ ናቸው።

«ትርሲት» ብለው ጠሩ።

ትርሲት ዝም አለች። ጉንጮቿ በሳቅ ተነፉ።

«ትርሲት» አሉ እንደገና።

ትርሲት ዝም።

«አንቺ ትርሲት፣ ምነው ጆሮሽን ጫካ ጣልሽው?»

«አቤት» አለች ትርሲት። «ሦስተኛውን ጠብቂ ያሉኝ እርስዎ ነዎት።»

እማዬ የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው። እትዬ ዘነቡ ደረታቸውን ያዙ።

«በእኔ ምክንያት» አሉ። «ይቅር በይኝ ልጄ። እናትሽ ስትጠራሽ በመጀመሪያው ነው አቤት የሚባለው። እሱን ልነግርሽ ይገባ ነበር።»

«እሺ» አለች ትርሲት። «ግን ዛፍ ለማቀፍ አንድ ሰው ጎድሎናል። ይመጣሉ?»

«ጫካ? እኔ?» አሉ እትዬ ዘነቡ። ትንሽ አሰቡ። «ብጠፋስ?»

«አይዞዎት» አለች ትርሲት። «እጄን ይይዛሉ።»

አሁን ትርሲት ገላዋን ታጥባለች። ፒጃማዋን ለብሳለች። አልጋዋ ውስጥ ገብታለች።

እማዬ ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ሳበችላት። መብራቱን ልታጠፋ እጇን ዘረጋች።

ድው። ድው። ድው።

«እማዬ፣ ደግሞ ሌላ ቀን ብጠፋስ?»

ጠዋት ቢሆን እማዬ «አትጠፊም» ትል ነበር። አሁን ግን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«እጠራሻለሁ» አለች።

«ስንት ጊዜ?»

«አቤት እስክትዪ ድረስ።»

ትርሲት ይህን አሰበች። ጥሩ መልስ ነው። ትራሷን አስተካክላ ተኛች።

መብራቱ ጠፋ። በሩ ገርበብ አለ። ከበሩ ወዲያ እማዬ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በጣም በቀስታ ጠራች።

«ትርሲት።»

«አቤት» አለች ትርሲት።

ከዚያ እንቅልፍ ወሰዳት።